በፈረንጆቹ 1969 የተሠራች የሼቭሮሌት ካማሮ መኪና ሞተር የራሷ፣ ከፋብሪካ የወጣችበት መሆኑን እንዴት ልወቅ?

ወንድሜ፣ ሞተሩ ክዳን ላይ ያለው «350» የሚል የሞተር መጠን ጽሑፍ ምንም አያረጋግጥም፤ የሚቀየር ዕቃ ነው። ከብሎኩ (ከሞተሩ ዋና አካል) ኋላ፣ በሹፌሩ በኩል ያለው 3970010 የሚል የብሎክ ቁጥርም ብቻውን አይበቃም፤ ሼቭሮሌት በዚያ ቁጥር ከ1969 እስከ ሰባዎቹ መጨረሻ ብሎክ ሲያወጣ ነበር።

ዋናው ማስረጃ ከፊት፣ በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው (ከብሎኩ በላይ ከተገጠመው የሞተር ራስ) ሥር ወጣ ያለችው ጠፍጣፋ ቦታ ናት። ዲናሞው ስለሚሸፍናት ፈታ አድርገህ አዙረው። በነጭ ጋዝና በጨርቅ ጥረጋት፤ የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም እንዳታስነካት፣ ጽሑፉ ስስ ነው። የፋብሪካው ፊደል፣ የተገጠመበት ወርና ቀን፣ ከዚያ የሞተሩ ዓይነት ፊደላት ይገኛሉ። ለምሳሌ «ቪ0315» ማለት የፍሊንት ፋብሪካ፣ መጋቢት 15 በፈረንጆቹ ነው።

ቀጥሎ የሻንሲውን ቁጥር ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ዳሽቦርዱ ላይ አንብብ። 124379ኤን ብሎ ከጀመረ፣ ሞተሩ ላይ 19ኤንና የመጨረሻዎቹ ስድስት አሃዞች መኖር አለባቸው። ጠፍጣፋዋ ላይ ካጣኸው ከዘይት ፊልትሮው በላይ ፈልግ። 123 ብሎ ከጀመረ ግን መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችው በስድስት ሲሊንደር ነው፤ ስምንቱ በኋላ የገባ ነው።

ቁጥሩ ቢገጥምም የጠፍጣፋዋን ገጽ በባትሪ ብርሃን አግድም እየው። ፋብሪካው የላገበት ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን ሰረዞችን ይተዋል። ገጹ ልሙጥ ሆኖ ቁጥሩ አዲስ ከመሰለ፣ ሬክቲፊካ (ብሎኩን እንደገና መላግ) ገብቶ እንደገና የተመታ ሊሆን ስለሚችል «ኦሪጅናል» ተብሎ የተጨመረብህን ዋጋ አትክፈል።