ይህን የማወቅ ግዴታ ያለበት ማን ነው? ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች

ልጆቼ፣

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ኢንተርኔት ላይም ሥሩ የሚገኘው ስልኩን ከመነካካታችሁ በፊት አንድ ነገር ብትጠይቁ ነው፦ ይህን የማወቅ ግዴታ ያለበት ማን ነው? የፈተና ውጤት ከሆነ ፈተናውን ያረመው፣ የመሬት ጉዳይ ከሆነ መዝገቡን የያዘው፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅጥር ከሆነ ቀጣሪው ራሱ። ይህን ሳትለዩ ፍለጋ ከገባችሁ በስንት ችግር የሞላችሁት ዳታ የሰው ወሬ በማንበብ ያልቃል።

ባለቤቱን ከለያችሁ በኋላ በእሱ አፍ ጻፉ። ብዙ ፍለጋ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። እኛ ሰፈር ውስጥ «የቤት ካርታ» እንላለን፤ መሥሪያ ቤቱ ግን «የይዞታ ማረጋገጫ» ብሎ ነው የሚጽፈው። እኛ «መብራት ማስገባት» ስንል እነሱ ዘንድ «አዲስ ቆጣሪ» ወይም «የኃይል ጥያቄ» ነው። «ኮምቦልቻ ሥራ አለ?» ብላችሁ ብትጽፉ የሚመጣላችሁ እንደ እናንተው የሚጠይቅ ሰው ነው፤ «ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ» ብትሉ ግን ማስታወቂያው ራሱ ይመጣል። የመጀመሪያው ፍለጋ ካልሰመረ ከውጤቶቹ ውስጥ አንድ የመሥሪያ ቤት ቃል ለቅማችሁ በዚያ እንደገና ፈልጉ። ሁለተኛው ፍለጋ ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ይሆናል።

አማርኛችን ለመፈለጊያ ማሽን አስቸጋሪ ነው። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ደሴ»፣ «የደሴ» እና «በደሴ»ም እንዲሁ። ማሽኑ አንዳንዴ ያቀራርባቸዋል፤ በጥቅስ ምልክት ስትቆልፏቸው ግን የጻፋችሁትን ፊደል ብቻ ይፈልጋል። ጥቅሱ ጠቃሚ ነው፤ የሰነድን ርዕስ ወይም የሰውን ሙሉ ስም ለመያዝ የሚተካከለው የለም። ግን የእንግሊዝኛውን የጥቅስ ምልክት ተጠቀሙ፣ በአንዱ አጻጻፍ ካልመጣ በሌላው ሞክሩ። በላቲን ፊደልም ደሴን አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፋታል፤ ኮምቦልቻን አንዱ በ«ኬ»፣ አንዱ በ«ሲ» ይጀምራታል። ኮምቦልቻ የሚባል ወረዳ ምሥራቅ ሐረርጌም ውስጥ ስላለ፣ የዚያ ማስታወቂያ እየመጣ ካስቸገራችሁ «ደቡብ ወሎ» የሚለውን ጨምሩ፤ ወይም «ሐረርጌ» ከሚለው ቃል ፊት የመቀነስ ምልክት ያለ ክፍተት አጣብቁ። ማሽኑ ያን ቃል የያዘውን ገጽ ያስቀርላችኋል።

ከሁሉም የምወደው መሣሪያ አንድ ነው። «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን ፊደል ጽፋችሁ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ አድርጉ፤ ክፍተት ሳትተዉ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» የሚለውንም በላቲን ፊደል ጨምሩ፤ ከዚያ ክፍተት ትታችሁ ጥያቄያችሁን ጻፉ። የሚመጣው ከመንግሥት ገጾች ብቻ ነው። በ«ጎቭ» ፋንታ «ኤዱ» ብታደርጉ የወሎ ዩኒቨርሲቲንና የሌሎቹን ብቻ ያመጣል። መመሪያና ደንብ ብዙውን ጊዜ በፒዲኤፍ ስለሚወጣ «ፋይልታይፕ፣ ሁለት ነጥብ፣ ፒዲኤፍ» የሚለውንም በዚሁ መንገድ በላቲን ፊደል ጨምሩ።

ባይመጣ የለም ማለት አይደለም። አብዛኛው የቆየ ሰነዳችን በስካነር የተነሣ ምስል ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን ወደሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በልዩ ልዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለማሽኑ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ነው። ስለዚህ በውስጡ ባለ ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ በርዕሱ፣ በቁጥሩና ባወጣው መሥሪያ ቤት ስም ፈልጉ።

የዘመን አቆጣጠርም ያሳስታል። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 6 ቀን 1935። አንድ ገጽ 1928፣ ሌላው 1935 ቢል ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8። የምዝገባ ቀን ስታነቡ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳታጣሩ ጓዛችሁን አትጠቅልሉ።

አሁን ገጹን አገኛችሁ እንበል። ከማንበባችሁ በፊት አድራሻውን ከቀኝ ወደ ግራ እዩት። «ኤችቲቲፒኤስ» ከሚለው መነሻ በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያው ያዘመመ ሰረዝ (/) በፊት ያለው የመጨረሻው ክፍል ነው የባለቤቱን ማንነት የሚናገረው። «ጎቭ» መሐል ላይ ገብቶ መጨረሻው «ኮም» ከሆነ የመንግሥት አይደለም። የዲቪ መመዝገቢያ አድራሻ የሚያበቃው በ«ስቴት ነጥብ ጎቭ» ነው፤ ሌላው ሁሉ፣ ባንዲራ ቢያውለበልብም፣ እዚያ የሚያደርስ መንገድ ሻጭ ወይም ሌባ ነው። የቁልፏ ምልክት መኖሯም አያታልላችሁ፤ ቁልፏ የምትለው በእናንተና በገጹ መካከል ያለውን ልውውጥ ሌላ ሰው አያነብም ነው። ገጹ ራሱ ሐቀኛ ስለመሆኑ የምትለው የለም።

የእኛ መሥሪያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ዜናቸውን የሚያወጡት በፌስቡክና በቴሌግራም ነው፤ ስለዚህ ማስመሰል ቀላል ነው። ፌስቡክ ላይ ስለ ፔጁ የሚገልጸውን ክፍል ብትከፍቱ መቼ እንደተከፈተና ስሙን ስንት ጊዜ እንደለወጠ ያሳያችኋል። ትናንት የሙዚቃ ፔጅ የነበረ ዛሬ የትምህርት ቢሮ ሊሆን አይችልም። ቴሌግራም ላይ ስምና ፎቶ ማንም ይገለብጣል፤ ከ«አት» ምልክት በኋላ ያለው መለያ ግን የአንድ ቻናል ብቻ ስለሆነ እያንዳንዷን ፊደል አስተያዩ። ከሁሉ የሚሻለው ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ተነሥታችሁ ወደ ቻናሉ መግባት ነው። ሥራ እንሰጣለን ብሎ አስቀድሞ በቴሌብር ገንዘብ ላኩ የሚላችሁን ግን ማጣራትም አያስፈልግም፤ ዝጉት።

የማታውቁት ገጽ ሲገጥማችሁ ከገጹ ውጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 መረጃ አጣሪ ባለሙያዎችንና 25 ተማሪዎችን ድረ ገጽ እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። ከምሁራኑና ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ በውበቱ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ወዲያው ሌላ መስኮት ከፍተው ሌሎች ስለዚያ ድርጅት ምን እንደሚሉ ፈለጉ፤ ባነሰ ጊዜ የተሻለ ፍርድ ላይ ደረሱ። ገጹ ስለ ራሱ የሚናገረው የራሱ ምስክርነት ነው፤ እናንተ ጎረቤቱን ጠይቁ። ጎረቤቶቹ ግን የእውነት የተለያዩ ይሁኑ። አምስት ቻናሎች አንዱን ጽሑፍ ከነፊደል ግድፈቱ ከለጠፉት ምስክሩ አንድ ነው።

«ቦርከና ሞልቶ መንገድ ዘጋ» የሚል ፎቶ ቢደርሳችሁ ጽሑፉን ቆርጣችሁ ምስሉን ብቻ በጎግል ሌንስ ፈልጉ፤ ካገኛችሁት ውስጥ የድሮውን ያዙ። ፎቶው ከዓመታት በፊት ሌላ አገር ወጥቶ ከሆነ ነገሩ አለቀ። መኪኖቹ በግራ የሚነዱበት መንገድ ከሆነም ኢትዮጵያ አይደለም።

የመመረቂያ ጽሑፍ የያዛችሁ ደግሞ ጎግል ስኮላር ላይ ከርዕሱ ሥር «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን ንኩ፤ በክፍያ የተዘጋው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ በነፃ ተቀምጧል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰጣችሁን ማጣቀሻ ሁሉ ርዕሱን በጥቅስ ቆልፋችሁ አንድ በአንድ ፈልጉት። እነዚህ ፕሮግራሞች ያልተጻፈ ጽሑፍ ከነደራሲውና ከነዓመቱ አሳምረው ይፈጥራሉ፤ አማካሪያችሁ ፊት የምትቆሙት ግን እናንተ ናችሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካጣችሁት፣ ነገሩ ምናልባት ኢንተርኔት ላይ ጨርሶ አልወጣም። ብዙ የቀበሌና የከተማ ጉዳይ ዛሬም የሚለጠፈው ሰሌዳ ላይ ነው። በእግራችሁ ሂዱ፤ ማኅተሙ፣ ቀኑና የደብዳቤው ቁጥር እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡት። በዚያች ቁጥር ተመልሳችሁ ስትፈልጉ ቀድሞ ያልመጣው ሰነድ ሊመጣ ይችላል፤ ባይመጣም ቢሮው ውስጥ ፋይሉን የሚያስወጣላችሁ ያችው ቁጥር ናት።