ሽማግሌ ሳይላክ የሚያልቅ ጋብቻ፦ የጌም ፍቅር ጥያቄና መልስ

እሁድ እሁድ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ጌም ቤት አልጠፋም። ልጁ ሁሉ ኳስ ይጫወታል። ጥግ ይዤ ድራጎን የምገድል እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ የአርፒጂ (አንድ ጀግና ሆነህ በረጅም ታሪክ ውስጥ የምትጫወተው ጌም) ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ሰሞኑን ወሬው በጌም ውስጥ አብረውን ከሚዘምቱ ካራክተሮች ጋር ስለሚያዝ ፍቅር ሆኗል። የተጠየቅኩትን እዚሁ ልመልስ።

አንዲት እናት፣ ከሰኞ ገበያ፦ ልጄ ማታ «ሚስት አገባሁ» ብሎ አስደነገጠኝ። ጌም ላይ ነው አለ። ምን ማለቱ ነው?

አይዞዎት እናቴ። ስካይሪም ሳይሆን አይቀርም፣ በ2011 የወጣ ጌም ነው። እዚያ ሽማግሌ አይላክም፣ ጥሎሽም የለም። ማራ የምትባል አምላክን ሐብል አንገቱ ላይ ያደርጋል፣ የተስማማችውን ያናግራል፣ ሪፍተን ከተማ ቤተ መቅደስ ሄደው ይጋባሉ። ከዚያ ሱቅ ትከፍትና በየቀኑ 100 ወርቅ ታካፍለዋለች። ምግብም ትሠራለታለች። ልጅዎ ለምን እንደተደሰተ ገባዎት? እኔን ግን አይጥመኝም። ማንንም ቢያገባ ከሠርጉ በኋላ የሚሰማው ወሬ ያው አንድ ዓይነት ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ታዲያ ፍቅሩ እውነት የሚመስለው የትኛው ነው?

ለእኔ ድራጎን ኤጅ ኦሪጅንስ፣ የ2009ኙ። ሞሪጋን የምትባል ጠንቋይ አለች። ምላሷ ሬት ነው። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ደግ በሆንክ ቁጥር ትቆጣለች፣ እሷ ዘንድ ያለህ የመወደድ ነጥብም ይወርዳል። አንድ ቀን የወርቅ መስታወት አግኝቼ ሰጠኋት። ልጅ ሳለች እንዲህ ያለ መስታወት ከአንዲት ባላባት ሰርቃ፣ እናቷ መሬት ላይ እንደከሰከሰችባት ቀደም ብላ አጫውታኝ ነበር። መስታወቱን ስታየው ያ ሁሉ ነገረኛነቷ ጠፋ። ምን ልበል አጣች። እኔም ኮንትሮለሩን አስቀምጬ ዝም አልኩ። በሰዓት እየከፈልኩ!

ስጦታ በመደርደር ብቻ ልቧን አገኛለሁ ካልክ ግን ተሳስተሃል። የነገረችህን ልብ ብለህ መስማት አለብህ።

ሴት ተጫዋች ነኝ። ለሴት ምርጫው ለምን ያንሳል?

ድሮ እውነትሽን ነበር፣ እህቴ። በ2000 የወጣው ባልደርስ ጌት 2 ለወንድ ጀግና ሦስት ሴቶች አቅርቦ ነበር፦ ጃሂራ፣ ቪኮኒያና ኤሪ። ለሴቷ ጀግና አኖመን የሚሉት ጉረኛ ባላባት ብቻ ደረሳት። ውሰጂው ወይ ተዪው። በ2023 በወጣው ባልደርስ ጌት 3 ግን ይህ ቀርቷል። ወንድም ሁኚ ሴት፣ ዘርሽ ኤልፍም (ጆሮው ሾጠጥ ያለ ሕዝብ) ይሁን ድዋርፍ (ቁመቱ አጠር ያለ ሕዝብ)፣ አብረውሽ የሚዘምቱት አስታሪዮን፣ ሻዶውሃርት፣ ካርላክና ሌሎቹም በር አይዘጉብሽም።

እንዲያ ከሆነ ሁሉም ለሁሉም ክፍት ቢሆን አይሻልም?

እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። በ2014 የወጣውን ድራጎን ኤጅ ኢንኩዊዚሽን እንይ። ካሳንድራ ሴት ጀግና ስታሽኮረምማት በጨዋ ደንብ «አይሆንም» ትላለች። ዶሪያን የሚወደው ወንድ ብቻ ነው። አባቱ በደም አስማት ሊለውጠው ስለፈለገ ተጣልተዋል። ለሁሉም ክፍት ቢያደርጉት ይህ ታሪክ ከነአካቴው ይፈርሳል። በእኛ አገር ነገሩ እንደሚያነጋግር አውቃለሁ፤ ሰውየው ግን በደንብ የተጻፈ ሰው ነው። ቪቪየን ደግሞ ጥቁር፣ ኩሩ፣ ቤተ መንግሥት የሰለጠነች ናት። የራሷ ሰው አላት፣ አንተን አትፈልግህም። እምቢ የሚል ካራክተር የራሱ ልብ ያለው ይመስለኛል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እዚያው ጌም ላይ ከለን የሚባለው አዛዥ ሰው ወይም ኤልፍ የሆነችን ሴት ይቀበላል፤ ድዋርፍ ከሆነች በሩ ዝግ ነው። አጥጋቢ ምክንያት አላገኘሁለትም። እኔ ወሎዬ ነኝ፤ የእናቴ አባት ሼህ፣ የአባቴ አባት ቄስ ናቸው። «ዘርሽ አይሆንም» የሚል ጌም እንዴት ይዋጥልኝ?

ጥቁር ካራክተርስ አለ?

ከቪቪየን ሌላ የባልደርስ ጌት 3ቱ ዊል አለ። ደግ ልጅ ነው፣ ግን ከአስታሪዮን ጋር ስታስተያየው ታሪኩ ሳስቷል። ሰው ካስገባህ አይቀር ደህና ታሪክ ስጠው እንጂ! እስኪ ኦሪዮንን ሞክሩት፣ ካሜሩን ውስጥ ተሠርቶ በ2016 የወጣ ነው። ልዑል ኤንዞ በነገሠና በተሞሸረ ቀን ዙፋኑን በገዛ አማቹ ይነጠቃል። ከሙሽሪት ከኤሪን ጋር ሆኖ ሊያስመልስ ይነሳል። ሌላው ጌም ሠርጉ ላይ ሲያልቅ ይሄ ከሠርጉ ይጀምራል።

ሳሎን ነው የምጫወተው። ባልደርስ ጌት 3 ያሳፍረኛል?

ሴቲንግ ገብተህ እርቃን የሚያሳየውን አጥፋው። ጌል የሚባለው አስማተኛ ጓድ ጌሙ እንደወጣ ሰሞን ለፍቅር ቶሎ ቶሎ ይጠጋ ነበር፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ስህተት ነበር ብለው አስተካክለዋል። ካልፈለግክ ደግሞ «አይ» የሚለውን መልስ ምረጥ፤ አይቀየምም።

መብራት ቢጠፋስ?

ከፍቅር ወሬ በፊት ሁልጊዜ ሴቭ አድርግ። ሞሪጋንን ሁለቴ ነው የለመንኳት።