መልስ፦ ቶቶ ሳያይ ይተውን ነበር ወይ?

አዎ፣ እውነት ነው። ጣሊያናዊው የኮሜዲ ተዋናይ ቶቶ (አንቶኒዮ ዴ ኩርቲስ) ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓይኑን ብርሃን አጥቶ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ካሜራው መቅረጽ ሊጀምር ሲል ጥቁር መነጽሩን ያወልቅና እንደ ጤነኛ ሰው ይራመዳል፣ ይዘላል፣ ይሮጣል። ይህን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

በ1898 በናፖሊ የድሆች ሰፈር በሳኒታ ተወለደ። ያ የተጣመመ ፊቱ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ከደረሰበት የቡጢ ምት የመጣ ነው፤ እሱ ግን እንጀራ በላበት። ከመድረክ ወደ ሲኒማ የገባው በ1937 ነው።

አስቂኝ ብቻ ነበር ማለት ግን በደል ነው። በ1966 ከዳይሬክተሩ ፓዞሊኒ ጋር በሠራው ፊልም በካን የፊልም ፌስቲቫል ልዩ ምስጋና አግኝቷል። ለመጀመር የ1951ዱን «ጠባቂዎችና ሌቦች» ይመልከቱ፦ ወፍራሙ ፖሊስና ሌባው ቶቶ በሩጫ ትንፋሻቸው ሲያጥር ቁጭ ብለው እንዴት እንደሚጨዋወቱ ያያሉ።