የቻት ገጹ ተከፍቶ መልእክት የማይገባው ለምንድን ነው? በእኔ የደረሰው በእርስዎ እንዳይደርስ

ጠያቂያችን፣ በመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም መጫን ስለተከለከለ ዋትስአፕን በብሮውዘር ለመጠቀም እንደሞከሩ፣ ገጹ ቢከፈትም «በመገናኘት ላይ» ከሚለው እንደማያልፍ ጽፈው፣ ባልደረባዎ የጠቆሙዎትን «የተዘጋ ቻት የሚከፍት» ድረ ገጽ ቢጠቀሙ ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚያ ድረ ገጽ ላይ የሚታየውን ኪውአር ኮድ በፍጹም በስልክዎ እንዳያነቡ እለምንዎታለሁ። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ገብቼበታለሁ።

1. በመጀመሪያ የተዘጋው የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ገጹ መከፈቱ አድራሻው እንዳልታገደ ያሳያል። የቻት ገጽ ግን እንደማንኛውም ድረ ገጽ በ443 ፖርት (ለድረ ገጽ ግንኙነት በተመደበው የበር ቁጥር) ከወረደ በኋላ፣ ዌብሶኬት የሚባል ሳይቋረጥ ክፍት የሚቆይ መስመር ይዘረጋል፤ መልእክት የሚመላለሰው በዚህ መስመር ነው። መስመሩ የሚጀምረው እንደ ተራ የድረ ገጽ ጥያቄ ሆኖ ሲሆን፣ ሰርቨሩ (ገጹን የሚያቀርበው ኮምፒውተር) 101 የሚል ቁጥር ሲመልስ ወደ ቋሚ ግንኙነት ይለወጣል። አንዳንድ ፕሮክሲዎች (በመሥሪያ ቤቱና በኢንተርኔቱ መካከል ቆመው ግንኙነቱን የሚቆጣጠሩ ሰርቨሮች) ይህን ለውጥ አያሳልፉም። ኤፍ 12ን ተጭነው ኔትወርክ የሚለውን ክፍል ይክፈቱና ገጹን እንደገና ይጫኑት፤ በዌብሶኬቱ ረድፍ ላይ 101 ካዩ መስመሩ ተዘርግቷል፣ 403 ካዩ ተከልክሏል፣ ቁጥር ሳይመጣ ከቀረ ደግሞ መንገድ ላይ ተቋርጧል።

2. በአድራሻው አጠገብ ያለውን የቁልፍ ምልክት (በአዲሱ ክሮም የማስተካከያ ምልክት) ተጭነው ሰርቲፊኬቱን፣ ማለትም የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠውን ሰነድ፣ የሰጠው ማን እንደሆነ ይመልከቱ። የመሥሪያ ቤትዎ ስም ከተጻፈበት ፕሮክሲው ግንኙነቱን በመሃል ከፍቶ እየመረመረ ነው ማለት ነው። በራሳቸው ኮምፒውተር ይህን ማድረጋቸውን አልቃወምም፤ ለሠራተኛው አለመናገራቸውን ግን እቃወማለሁ።

3. አቋራጭ የሚሰጥ መካከለኛ ድረ ገጽ አይጠቀሙ። እኔ የተጠቀምሁበት ገጽ ንጹሕና ፈጣን ነበር። ኪውአር ኮድ አወጣልኝ፣ በስልኬ አነበብሁት፣ ወዲያውም ውይይቶቼ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። አራት ቀን ያለ እንከን ሠራሁበት። በአምስተኛው ቀን ማለዳ አክስቴ ደውላ «ገንዘቡ ደረሰህ ወይ?» አለችኝ። የምን ገንዘብ እንደሆነ ስጠይቃት ዝም አለች። ሌሊት ከእኔ ቁጥር፣ እኔ በምጠራት የቁልምጫ ስም፣ «ቸግሮኛል፤ አሁን መናገር ስለማልችል አትደውዪልኝ» የሚል መልእክት ደርሷት ያላትን ልካ ነበር። የቁልምጫ ስሟን ከየት አገኙት? የብዙ ወር ውይይታችንን አንብበው ነው።

በስልኬ ላይ «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ስከፍት አንድ ብሮውዘር ብቻ ተመዝግቧል፤ እኔ የመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር ነው ብዬ የማስበው ማለት ነው። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ኪውአር ኮዱ እውነተኛ የዋትስአፕ ኮድ ነበር፤ ነገር ግን ያንን ኮድ የጠየቀው በእነዚያ ሰዎች ሰርቨር ላይ የተከፈተ ብሮውዘር ስለሆነ፣ ስልኬ የፈቀደው ለእነሱ ነው። እኔ የማየው የእነሱን ስክሪን ምስል ነበር። ማታ ማታ ገጹን ዘግቼ ስወጣ እነሱ አልወጡም፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በመጣው አሠራር የተገናኘ መሣሪያ ስልኩ ቢጠፋም ስለሚሠራ፣ ስልኬን አጥፍቼ መተኛቴም አልጠቀመኝም። መሣሪያውን ከዝርዝሩ አስወጣሁት፤ ለማውቃቸው ሁሉ አስጠነቀቅሁ። የአክስቴን ገንዘብ ከደመወዜ እየቆረጥሁ ለወራት ከፈልሁ፤ እርሷ ይቅር ብትለኝም ዛሬም መልእክት ስልክላት በቅድሚያ ደውላ ድምፄን ትሰማለች።

4. ፈቃድ ይጠይቁ፣ በጽሑፍም ይሁን። ከዚያ ሁሉ በፊት ወደ አይቲ ክፍል ሄጄ ነበር። ኃላፊው ዓይናቸውን ከስክሪናቸው ሳያነሡ «እዚህ የሚመጣው ለሥራ እንጂ ለወሬ አይደለም» ብለው አሰናበቱኝ። ደንበኞቻችን ትእዛዝ የሚልኩት በዚያው መንገድ መሆኑን ለመናገር እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። እንዲህ ያለ መልስ ነው ሰውን ወደ ስውር መንገድ የሚገፋው፤ ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ከጉዳቱ በኋላ የቅርብ አለቃዬን አስፈርሜ አንድ ገጽ ደብዳቤ አስገባሁ። «ቻት አይሠራልኝም» የሚል ቃል አልነበረበትም። የሚፈለገው አድራሻ፣ ፖርቱ 443 እንደሆነ፣ ዌብሶኬት እንዲያልፍ፣ በየትኞቹ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ እና ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ዘርዝሬ፣ ከኤፍ 12 ያገኘሁትን 403 የሚያሳይ የስክሪን ፎቶ አያያዝሁበት። በሁለት ቀን ተፈቀደ። ደብዳቤው ዛሬ በሌሎች ክፍሎች እንደ ናሙና እንደሚያገለግል ስሰማ ደስ ይለኛል።

እኔ የዘለልሁትን እርስዎ አይዝለሉ፦ ፎቶና ፋይል የሚመጣው ከገጹ አድራሻ ሳይሆን ከሌላ ነው። መልእክት መግባት ጀምሮ ፎቶዎቹ ደብዝዘው ስለቀሩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ አስፈርሜ ወደዚያው ቢሮ መመለስ ነበረብኝ። ሁለቱንም አድራሻ በአንድ ደብዳቤ ይጠይቁ።