ሞተው በሌላ ዘመን የሚገናኙ ፍቅረኞች፦ ከየትኛው ፊልም ልጀምር ላልከው

ወዳጄ፣ ፍቅረኞቹ ሞተው፣ ዳግም ተወልደው የሚገናኙበት ፊልም ነው የጠየቅከው። በዚህስ ህንዶችን የሚያህል የለም!

በ«ማጋዲራ» ጀምር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ቴሉጉ በተባለው የህንድ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ራጃሙሊ። ልዕልቲቱ ከገደል ስትወድቅ ጦረኛው ተከትሏት ይዘላል። እጁን ይዘረጋላታል፣ ግን አይደርስባትም። ከ400 ዓመት በኋላ ደግሞ መንገድ ላይ ድንገት እጃቸው ሲነካካ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ይሆናል። ፊቷን እንኳ አላየም እኮ! እኔን አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው፤ ከአእምሮው ቀድሞ እጁ አስታወሳት። ብዙ ፊልሞች እንዲህ ያለውን ትዝታ በንግግር ብዛት ያበላሹታል።

ረጋ ያለ ከፈለግክ የ1958ቱ «ማዱማቲ» አለልህ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተዋናዩን ዲሊፕ ኩማርን ስታይ ግን ቀለም የሚባል ነገር ትዝም አይልህ። «ኦም ሻንቲ ኦም» (2007) ሻሩክ ካን ያለበት ነው፣ በጣም ያዝናናል፤ ከፍቅሩ ይልቅ ግን በቀሉ ያመዝናል።

ከሆሊውድ «ዘ ፋውንቴን» (2006) አለ። ሂዩ ጃክማንና ራቼል ዋይዝ በተለያየ ዘመን ይታያሉ። ከበድ ይላል፤ ደክሞህ ባለህበት ማታ አትክፈተው።