ኳሷን ወደ ውጭ መታኋት፤ ስለቴስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሐዋሳ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ቡድን አጥቂ ሆኜ እጫወታለሁ። ባለፈው 1 ለ 1 እያለን የተጋጣሚያችን ተከላካይ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደቀ። ከፊቴ የቀረው በረኛው ብቻ ነበር። ልጁ ሲጮኽ ስሰማ ኳሷን ወደ ውጭ መታኋት። መጨረሻ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፍን። ጓደኞቼ «ፋራ» ይሉኛል። ብናሸንፍ ለቅዱስ ገብርኤል ጧፍ ላስገባ ተስዬም ነበር። ያደረግኩት ሞኝነት ነው? ስለቱስ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ስለትህ «ብናሸንፍ» የሚል ነበር፤ አላሸነፋችሁም፤ ዕዳ የለብህም። እንዲሁ በፍቅር ላስገባ ካልክ ግን ማን ይከለክልሃል? ከወዲያኛው ቡድንም ለገብርኤል የተሳለ አይጠፋም፤ መልአኩን ባናስጨንቀው ደስ ይለኛል። ለሚቀጥለው «ማንም ሳይጎዳ በሰላም አስገባን» ብለህ ጸልይ።

ወደ ሞኝነቱ እንምጣ። በኳስ ሕግ ዳኛው ለጉዳት ጨዋታ የሚያስቆመው ከባድ ሲመስለው ነው። ፊሽካ ካልተነፋ ብታገባም ጎሉ ይጸድቅልህ ነበር። አጭበርባሪ የሚልህ አይኖርም። ግን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን አስብ። የቆሰለውን አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ እንደኔ ግምት የሚያስቸኩል ጉዳይ ነበራቸው። ሳምራዊው ግን ቆመ። ቁስሉን አሰረለት፣ በራሱ አህያ ጫነው፣ ከኪሱ 2 ዲናር ከፈለ። አይሁድና ሳምራውያን ደግሞ አይተባበሩም። በዛሬ ቋንቋ ተጋጣሚ ነበሩ። ለተጋጣሚው ሲል ከሰረ፤ አንተም አንድ ጎል ከሰርክ።

በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን አሸንፋ የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት። ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። «እሷማ ካሸነፈች በኋላ ነው» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ያንተው ይከብዳል።

በጓደኞችህ ግን አትፍረድ። እነሱም ለዚያ ጨዋታ ላባቸውን አፍስሰዋል። «ፋራ» ሲሉህ ስቀህ እለፍ፤ በሚቀጥለው ልምምድ ቀድመህ ተገኝ። አሠልጣኝህም ከተቆጣ ዝም ብለህ ስማው።

አንድ ነገር ግን አልጻፍክልኝም። የልጁ እግር እንዴት ሆነ? ስልኩን ፈልግና ደውልለት።