ጥያቄና መልስ፦ በመሀል አዲስ አበባ መንገድ ሲቆፈር ትራፊኩን እንዴት እንያዝ?

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር ባለው ክልል የመንገድ ሥራ ላይ ያላችሁ ጥያቄያችሁን አስቀምጡ፤ የምችለውን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሚዘጋው ረድፍ ስንት ሜትር ስፋት አለው፣ መኪናው በእውነት በስንት ፍጥነት ይመጣል (ሰሌዳው ላይ ያለውን አላልኩም)፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው ወይስ ሜዳ። ያለ እነዚህ የሚሰጥ መልስ ግምት ነው።

የሳይቱ ልጅ፦ ኢንጂነር ሰላም ነው? አንድ ረድፍ ለመዝጋት ስንት ኮን ይበቃል?

መልስ፦ ስፋት የለም፣ ፍጥነት የለም። መግቢያውን አንብበህ ተመለስ።

የሳይቱ ልጅ፦ ይቅርታ። ቸርችል ላይ ነው፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ሲወርድ። ረድፉ 3.5 ሜትር፣ ቀን ቀን 40 አካባቢ ይነዳሉ።

መልስ፦ አሁን ይሰላል። ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ድረስ ከሆነ የማጥበቢያው፣ ማለትም መኪናውን ከሚዘጋው ረድፍ ቀስ በቀስ የሚያስወጣው ሰያፍ የኮን መስመር፣ ርዝመት የሚገኘው የሚዘጋውን ስፋት በፍጥነቱ ካሬ አባዝተህ ለ155 ስታካፍል ነው። 3.5 በ1600 ሲባዛ 5600፣ ለ155 ሲካፈል 36 ሜትር። በደንቡ ከሄድክ በዚህ ፍጥነት በየ8 ሜትሩ አንድ ኮን በቂ ነው። እኛ ጋ ግን የ8 ሜትር ክፍተት ካገኘ ሚኒባስ ገብቶ ሰው ያራግፋል። በየ3 ሜትሩ ደርድረው፣ 13 ኮን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሥራው ጎን በየ5 ሜትሩ።

በማጥበቢያውና በሥራው መካከል ባዶ ቦታ ትተዋለህ፣ ቡፈር የምንለውን። በ40 የሚመጣ መኪና ሜዳ ላይ ለመቆም 50 ሜትር ይፈልጋል፤ ቸርችል ቁልቁለት ነውና 55 አድርገው። ቡፈሩ ውስጥ ምንም አይቀመጥም። አሸዋ፣ ጄኔሬተር፣ የሱፐርቫይዘሩ ፒካፕ፣ ምንም። ፍሬኑ እምቢ ያለው ሲኖትራክ የሚቆምበት ቦታ ነው። እዚያ ከርብ ስቶን (የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ) ከከመርክ፣ መኪናው ከርቡን ይዞ ሠራተኛው ላይ ይወጣል።

ማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎቹን ከማጥበቢያው በፊት በየ30 ሜትሩ ሦስት አድርግ። ሲደረደር ከሰሌዳው ተጀምሮ ወደ ሥራው ነው የሚኬደው።

ተማሪ፣ አምስት ኪሎ፦ ስለ ትራፊክ ማኔጅመንት ፕላን በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ በአጠቃላይ የሚባል ፕላን የለም፤ የአንድ መንገድ፣ የአንድ ቀን ሥራ ፕላን ነው ያለው። አንድ ቦታ ምረጥና ጠይቅ።

ሰርቬየሯ፦ ካዛንቺስ ላይ የእግረኛ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ከፍተናል። «ወደ ማዶ ተሻገሩ» የሚል ሰሌዳ ብንተክል አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ በዚህ ጉዳይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በመሀል ከተማ ትራፊክ ማለት መጀመሪያ እግረኛ ነው። ከታክሲ ወርዶ ሃምሳ ሜትር የሚሄድ ሰው ለሃምሳ ሜትር ብሎ ሁለት ጊዜ አስፓልት አይሻገርም። በመኪናዎቹ መሀል ይሄዳል። ሰሌዳው የሚያተርፈው ነገር ቢኖር አደጋ ሲደርስ «ነግረናቸው ነበር» ማለት ነው። ስለዚህ መንገዱ በዚያው ወገን ይሰጠው፤ ከመኪናው ረድፍ ቆርሰህ ስጠው።

ስፋቱ በትንሹ 1.5 ሜትር ይሁን። ፌርማታ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ ከሆነ 2 ሜትር ተኩል ድረስ፤ ሸክም የያዘና ዣንጥላ የዘረጋ ሰው እንደሚተላለፍ አስቡ። በመኪናው በኩል ባሪየር፣ በጉድጓዱ በኩል አጥር። ቀይና ነጭ ሪባን አጥር አይደለም፤ ማየት የተሳነው ሰው በትሩ በሪባኑ ሥር ያልፍና እሱ ይከተላል። የአጥሩ የታችኛው እንጨት ከመሬት ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ከፍ አይበል፣ የላይኛው 1 ሜትር አካባቢ ይሁን። በትሩ የሚነካው የታችኛውን ነው።

ከከርቡ ወደ አስፓልቱ የሚወርድበት ቦታ ላይ ተዳፋት ሥሩለት፤ ለ15 ሳንቲሜትር ከርብ 1.80 ሜትር ርዝመት። ላላ ጠጠር አትድፉበት፣ ዊልቸር ይይዛል።

ቆርቆሮ አጥርም ጣጣ አለው። የተቆረጠው ጫፉ ልክ በሕፃን ፊት ቁመት ላይ ይቀራል፤ እጠፉት ወይም እንጨት አልብሱት። መታጠፊያ ላይ ደግሞ ቆርቆሮው እይታ ይጋርዳል፤ የመጨረሻው 10 ሜትር ሽቦ ወንፊት ይሁን፣ ሹፌሩ ከጀርባው የሚወጣውን እግረኛ እንዲያይ። በየሱቁ በር ፊት መረማመጃ ከሁለት ወገን መደገፊያው ጋር ይዘርጋ።

ባለሱቅ፣ ካዛንቺስ፦ መረማመጃ ካነሱ አይቀር፣ ሱቄ ፊት ቆፍረው ገበያዬ ሞቷል። ካሳ ማንን ነው የምጠይቀው?

መልስ፦ የካሳ ነገር የእኔ ሙያ አይደለም፤ ክፍለ ከተማዎን ይጠይቁ። መረማመጃውን ግን ዛሬውኑ ፎርማኑን ይጠይቁት፤ ያለ በር መግቢያ ሊተውዎት አይገባም።

ሎደር ኦፕሬተር፦ እኔ የምለው መሀል ከተማ ላይ ቀን መቆፈር ጭራሽ ሊከለከል ይገባል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቶ ንጋት 11 ላይ መውጣት ነው።

ሰርቬየሯ፦ አልስማማም። ሌሊት የተሞላ ቦይ ማን ለካው? የላብራቶሪ ሰው የለም፣ አማካሪው የለም። ከወር በኋላ ይሰምጣል።

ሎደር ኦፕሬተር፦ እስቲ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሜክሲኮን ዝጊና እንይሽ!

ሰርቬየሯ፦ ጠዋት ማን አለ? ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት አለ።

ሎደር ኦፕሬተር፦ በአምስት ሰዓት ምን ይሠራል? ማሽን ማራገፍና መጫን ብቻ ሁለቱን ይበላል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ሰዓቱን ይዛችሁ ፍጥነቱን ረሳችሁት። ቀን በ40 የሚነዳበት መንገድ ሌሊት ባዶ ሲሆን 60 ይነዳበታል። 3.5 በ3600 ተባዝቶ ለ155 ሲካፈል 81 ሜትር ነው፤ ቡፈሩ ሜዳ ላይ 85። ቀን በሜዳ 86 ሜትር የያዘው አዘጋግ ሌሊት 166 ሜትር ሆነ ማለት ነው። የሌሊቱ ቡድን ግን የቀኑን ኮን፣ በቀኑ ርቀት ደርድሮ ይገባል። የሌሊት ሥራ የሰው ሕይወት የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

ሌሊት የ45 ሳንቲሜትር ኮን አይወጣም፤ 70 ሳንቲሜትር፣ ሁለት አንጸባራቂ ቀበቶ ያለው፣ ቀበቶው ከጭቃ የጸዳ። ብርሃን ለአጠቃላይ ሥራው 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ማሽን አጠገብ 100። መብራቱን ከተከላችሁ በኋላ በሁለቱም አቅጣጫ በመኪና እለፉበትና ዓይናችሁን ከወጋ አዙሩት።

የሥራ ክፍፍሉን በተመለከተ የሰርቬየሯ ነገር ሚዛን ይደፋል። አስፓልት ማንጠፍና መስቀለኛ መንገድ ማቋረጥ ለሌሊት፤ ሙሌትና መለካት የሚያስፈልገው ሁሉ ለቀን። ሌሊት ቀጭን አስፓልት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ሮለሩ ከፊኒሸሩ (አስፓልት አንጣፊው ማሽን) ጀርባ አይራቅ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ለሜክሲኮ ስንት ኮን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ከላይ ቀመሩ አለ፤ የራስህን ቁጥር አስገባ። ይህን ጥያቄ ከእንግዲህ አልመልስም።

ፎርማኑ፦ ኮን በአንድ ሌሊት ይሰረቃል፣ ድንጋይ ግን ማንም አይወስደውም። ድንጋይ ደርድረን ቅጠል ብናደርግበት ምን አለበት?

ሎደር ኦፕሬተር፦ እውነቱን ነው፣ ድንጋይ ሹፌርም ይፈራዋል።

መልስ፦ አይሆንም። ድንጋይ ሌሊት አይታይም፤ ሞተረኛ ይጥላል፣ ጎማ ሲመታው ተፈናጥሮ እግረኛ ይመታል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ቦታው ላይ ይቀራል። ለስርቆቱ መፍትሔ አለው። ኮኖቹ ቁጥር ይጻፍባቸው፣ ዘበኛው ማታ ሲረከብና ጠዋት ሲያስረክብ ቆጥሮ ይፈርም። ከሦስት ቀን በላይ ለሚቆይ ሥራ ደግሞ ኮኑን ተዉትና ባሪየር አስገቡ። የኮንክሪት ከሆነ እርስ በርሱ ይያያዝ፣ ከጉድጓዱ ጠርዝ 1 ሜትር ይራቅ። የፕላስቲክ ከሆነ ውሃ ይሞላ፤ ባዶ ፕላስቲክ መኪና ቀርቶ ንፋስ ያነሳዋል።

ሎደር ኦፕሬተር፦ ቦዩን ቀን በላሜራ ሸፍነን መኪና ብናሳልፍ ውፍረቱ ስንት ይሁን?

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው ቦይ 13 ሚሊሜትር፣ ለ60 ሳንቲሜትር 22፣ ለ90 ሳንቲሜትር 25፣ ለ1.20 ሜትር 32። ከዚያ በላይ ከሆነ ስትራክቸር መሐንዲስ ያስላው። በየወገኑ 30 ሳንቲሜትር አስፓልቱ ላይ ይረፍ። ከሥሩ ያለው አስፓልት ጠርዝ ከተቦረቦረ ውፍረቱ አያድንም፤ ጠርዙን አይታችሁ ጫኑት። ዙሪያውን በቀዝቃዛ አስፓልት ተዳፋት አድርጉለት፤ ከተንቀጫቀጨ መሸሽ ጀምሯል፣ ወዲያው ቸክሉት። 25 ሚሊሜትሩ በካሬ ሜትር 196 ኪሎ ይመዝናል፣ በማሽን እንጂ በሰው እጅ አይነሳም።

ተማሪ፣ አምስት ኪሎ፦ እሺ ቦታ መርጫለሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ አንድ መግቢያ መንገድ፣ ሁለቱን አቅጣጫ በአንድ ረድፍ ማፈራረቅ፣ የጠበበው 120 ሜትር። ባንዲራ ያዦቹ ስንት ስንት ደቂቃ ያሳልፉ?

መልስ፦ በርታ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ20 ፍጥነት 120 ሜትር ለማለፍ 22 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አንዱን ወገን አስቁመህ የመጨረሻው መኪና እስኪወጣ 22፣ ለሌላውም 22፤ በአንድ ዙር 43 ወይም 44 ሰከንድ ማንም አይገባም። ዙሩ 90 ሰከንድ ከሆነ ለየወገኑ 23 ይቀራል፤ በየ2.5 ሰከንዱ አንድ መኪና ብትል 9 መኪና፣ በሰዓት 360። ዙሩን 180 ብታደርገው 27 መኪና፣ በሰዓት 540። ቶሎ ቶሎ ማፈራረቅ የሚጠቅም ይመስላል እንጂ ይጎዳል። ከዚያ በላይ መኪና ከመጣ ዙሩን ማስረዘም አያድንህም፤ የሥራውን ርዝመት ወደ 60 ሜትር ቁረጠው።

ሁለቱ ባንዲራ ያዦች ካልተያዩ ሬዲዮ ይያዙ። የሚቆሙትም ዳር ላይ፣ ከረድፉ ውጪ ነው። አምቡላንስ ሲመጣ ሁለቱም ወገን ይቆማል፤ በተለይ ወደ ጥቁር አንበሳ በሚወስዱ መንገዶች ላይ 3.5 ሜትር ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

የሳይቱ ልጅ፦ ታክሲዎቹ ግን ማጥበቢያው ላይ እየቆሙ አስቸገሩ። ትራፊክ ፖሊስ እናስመድብ?

መልስ፦ ፌርማታቸውን ቆፍራችሁ ሌላ ካልሰጣችኋቸው የት ይቁሙ? ከሥራው አልፎ 30 ሜትር ስጧቸው፤ አንድ አውቶቡስና ሦስት ሚኒባስ ይይዛል። ተራ አስከባሪዎቹን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቦታው ላይ ወስዳችሁ አሳዩአቸው። ረዳቱ «ወራጅ አለ» ሲባል የሚያስቆመው ሰው መውረድ የለመደበት ቦታ ላይ ነው፤ አዲሱን ቦታ የሚያስለምዱት እነሱ ናቸው።

ሰርቬየሯ፦ ክረምት ሊገባ ነው። ቦይ ለመክፈት ምን ገደብ እናድርግ?

መልስ፦ በዕለቱ መሙላት የምትችሉትን ያህል ብቻ ክፈቱ። የወጣው አፈር ከጠርዙ 60 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ የከርቡን ውሃ መውረጃም አይዝጋ። ከ1.5 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ግድግዳው ይደገፍ፤ እርጥብ ጥቁር አፈር ከሆነ ከዚያም በፊት። ጥቁሩን አፈር መልሳችሁ አትሙሉበት፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሰሌክት (ለሙሌት የተመረጠ አፈር) አምጡና በየ15 እስከ 20 ሳንቲሜትሩ እየጠቀጠቃችሁ፣ ጥግግቱ ላብራቶሪ ካገኘው ከፍተኛ 95 በመቶ መድረሱን እየለካችሁ ሙሉ። አንድ ሜትሩን ባንዴ ሞልቶ ከላይ በሮለር መሄድ ላዩን ብቻ ያጠብቃል፤ የሚሰምጠው ከሥር ያለው ነው። አስፓልቱን ስትመልሱ ከቦዩ ጠርዝ 30 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ በመቁረጫ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ።

ፎርማኑ፦ ለበዓላትስ?

መልስ፦ መስከረም 16 መስቀል አደባባይ፣ ጥር 10 እና 11 ወደ ጃንሜዳ የሚወስዱት መንገዶች ሁሉ። በዋዜማው ቦዩ ተሞልቶ፣ ማሽኑ ወጥቶ ያድራል። ቡፈር ውስጥም ማሽን አይደር።

የሳይቱ ልጅ፦ ስንጨርስ ኮኑን ከየት እንጀምር? ልጆቹ ሰሌዳውን ቀድመው ይነቅሉታል።

መልስ፦ ሰሌዳው መጨረሻ ነው። ከሥራው መጨረሻ ጀምራችሁ ወደሚመጣው መኪና እየሄዳችሁ ሰብስቡ፣ ማጥበቢያው ላይ ስትደርሱ ዞር ዞር የሚል መብራት ያለው መኪና ከላይ በኩል ይቁምላችሁ። ማጥበቢያው ከተነሳ በኋላ ሦስቱን ሰሌዳ፣ ለሥራው ከሚቀርበው ጀምሮ። መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ግን መጥረጊያ ይግባበት፤ አስፓልቱ ላይ የቀረ ጠጠር ሞተረኛ ይጥላል።